ታላቋም ልጅ ናት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ታላቋ ልጅሽ 7 ዓመት ሞልቷት ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ ታናሿ 5 ዓመቷ ነው፣ እዚያው ግቢ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ልትጀምር ነው። ታናሿ አልቃሻ ስለሆነች «ታላቋ በእረፍት ሰዓት እየሄደች ብታባብላት ይበቃ ይሆን፣ ወይስ ለየብቻ ትምህርት ቤት ላስገባቸው?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ አብዛኞቹ «ታላቅ እህት እናት ማለት ናት፣ እሷ ትያዝልሽ» ብለዋል። እኔ ግን አደራሽን፣ ይህን አታድርጊ ነው የምልሽ። አድርጌው አይቼዋለሁና።

ልጆቼ በሁለት ዓመት ይበላለጣሉ። እንኖር የነበረው ጅማ ከተማ፣ ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ በኩል ነው፤ ትምህርት ቤታቸው ደግሞ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ። አባታቸው በቡና ሥራ ወደ አጋሮ ስለሚመላለስ ጠዋት ጠዋት የማደርሳቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ታናሿ መዋዕለ ሕፃናት የገባች ዕለት በር ላይ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ አልለቅም አለች። እኔም የእሷን እጅ ለታላቋ አስጨበጥኩና «እህትሽን ያዢልኝ» ብዬ ሄድኩ። በማግስቱም እንደዚያው። ሳምንት ሳይሞላ ለቅሶው ቀረ። ደስ አለኝ፤ «እሷ እኮ ትልቅ ሰው ናት» እያልኩ ታላቋን ለጎረቤት ሁሉ አወደስኳት።

ያነቃኝ ምሳ ዕቃው ነው። የታላቋ ዳቦ በእንቁላል ሳይነካ ይመለሳል። አንድ ቀን «አልራበኝም»፣ ሌላ ቀን «ረሳሁት» ትላለች። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጠየቅኳቸውና ያዩትን ነገሩኝ። ደወል ተደውሎ የክፍል ጓደኞቿ ወደ ሜዳው ሲሮጡ እሷ ሕፃናቱን ከትልልቆቹ ወደሚለየው የሽቦ አጥር ትሄዳለች። እህቷም በወዲያኛው ወገን ትመጣለች። በሽቦው ቀዳዳ ጣት ለጣት ተያይዘው እረፍቱ እስኪያልቅ ይቆማሉ። አንዷም አትጫወትም፣ አንዷም አትበላም። መስከረም እንደዚህ አለቀ፣ ጥቅምትም ተጋመሰ። ማን ከማን ጋር ገመድ እንደሚዘል፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የሚለየው በእነዚያ ሳምንታት ነው፤ ልጄ ያን ጊዜ ሁሉ አጥር ሥር ቆማ አሳለፈችው።

ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ያዢያት ብለሽኝ የለ?» አለችኝ። የቅሬታ ድምፅ አልነበራትም። የታዘዘችውን እየፈጸመች ነበር። 7 ዓመቷ ነው እንግዲህ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ፣ አንድ ትምህርት ቤት ይግቡ። የጅማን መስከረም ታውቂዋለሽ፤ ዘመን ተለወጠ ተብሎ ዝናቡ አያባራም። በዚያ ጭቃ ሁለት ቦታ ማድረስ፣ ሁለት የባጃጅ ሂሳብ መክፈል አያስፈልግሽም። ግቢው አንድ ይሁን፤ ታናሿን የሚይዛት ግን አዋቂ ሰው ይሁን።

ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ታናሿን ይዘሽ ሂጂና መምህርቷን ተዋወቂ። ሽንት ቤቱን፣ ውኃ የሚጠጣበትን፣ የምትቀመጥበትን ቦታ በዓይኗ ትየው። ትንንሽ ልጆችን ከሚያስለቅሷቸው ነገሮች አንዱ ሽንታቸው ሲመጣ ለማን እንደሚናገሩ አለማወቃቸው ነው። እኛ አገር ደግሞ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ የምትሰማ ልጅ ከሆነች፣ ውኃ «ቢሻን» እንደሚባል፣ ሽንቷ ሲመጣ በኦሮምኛ እንዴት እንደምትናገር ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆና ትልመደው። የእኔዋ በመጀመሪያው ሳምንት ተጠምታ የዋለችው ውኃ ጠፍቶ አልነበረም፤ ከአጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ መጠየቅ ስላልቻለች ነው።

ስትሰናበቻት ደግሞ አጭር ይሁን። ሳሚያትና ማን እንደሚወስዳት ነግረሻት ሂጂ። ተደብቀሽ አትውጪ፤ አንዴ የተደበቁባት ልጅ በማግስቱ ቀሚስ አትለቅም። እኔን የረዳኝ መሐረብ ነው። ዩኒፎርሟ ደረት ላይ በመርፌ ቁልፍ የሚሰካውን መሐረብ ትቼ የራሴን፣ ትራሴ ሥር ያደረውን ሰካሁላት። መምህርቷ እንደነገረችኝ ሆድ ሲብሳት አንገቷን ደፍታ እሱን ታሸት ነበር።

ለመስቀል ቤት ውለው ሲመለሱ ለቅሶው እንደ አዲስ እንደሚነሣ አስቀድመሽ እወቂ። አትደንግጪ፣ ከመጀመሪያው ያጠረ ነው። ግን እናት የምትሸነፈው ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ «በቃ፣ እህትሽ ትያዝሽ» የሚለው ቃል ከአፍ የሚያመልጠው ያኔ ነው። ያዢው።

ለታላቋ በግልጽ ንገሪያት፤ የእረፍት ሰዓትሽ ያንቺ ነው በያት። የእኔዋ «ካለቀሰችስ?» አለችኝ። «መምህርቷ አለች» አልኳት። ወዲያው አላመነችኝም፤ ብዙ ቀን ወደ አጥሩ እየሄደች ሰርቃ ታይ ነበር። መምህርቷም ታናሿን በእረፍት ሰዓት ከአጥሩ ራቅ አድርጋ ከሌሎች ልጆች ጋር ማጫወት ጀመረች። ከዚያ አንድ ቀን ታላቋ ጉልበቷ ተላልጦ፣ ካልሲዋ በጭቃ ተለውሶ መጣች። ገመድ ስትዘል ወድቃ ነው። ቁስሉን ሳጥብላት እሷ ታቃስታለች፣ እኔ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኛል።

ቤት ስትመለስም መጀመሪያ «እህትሽ አለቀሰች?» ብለሽ አትጠይቂያት። ይህን ጥያቄ ለዚያች ልጅ ስንት ጊዜ እንዳቀረብኩላት ሳስበው ዛሬም ያመኛል። ስለ ራሷ ጠይቂያት፤ ከማን ጋር ተቀመጥሽ፣ ምን ጻፋችሁ፣ ማን አሳቀሽ።

«እህትማማችነታቸው ይላላል» ብለው የሚያስፈራሩሽን አትስሚ። እህትማማችነቱን ቤት ውስጥ ያገኙታል። የእኔዎቹ ማታ ማታ መብራት ሥር ተቀምጠው በአሮጌ ካላንደር ወረቀት ደብተር ይለብዱ ነበር፤ ታላቋ ታጥፋለች፣ ታናሿ በጣቷ ትይዝላታለች። በእንቁጣጣሽም አደይ አበባቸውን ይዘው «አበባየሆሽ» እያሉ ከደጅ ደጅ አብረው ይዞሩ ነበር። ያን ማንም አላዘዛቸውም። ደግሞም አስቢው፤ አሁን ባለው ሥርዓት አንደኛ ደረጃ 6ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ታላቋ ወደ 7ኛ ስትሻገር ታናሿ 5ኛ ትገባለች፤ እስከዚያ ድረስ በእህቷ እጅ ብቻ የኖረች ልጅ ያን መስከረም እንደ አዲስ ተማሪ ትጀምረዋለች።

ሌላው ቦርሳው፣ ጫማው፣ ደብተሩ እንደ አቅምሽ ነው፤ በዚያ አትጨነቂ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ሁለት ጃንጥላ ግዢ። እኔ ለሁለቱ አንድ ትልቅ ጃንጥላ ነበር የገዛሁት። ማታ ዩኒፎርማቸውን ከሰል ምድጃው አጠገብ ሳደርቅ የታናሿ ደረቅ ነው፤ የታላቋ ግን ሁልጊዜ ግራ ትከሻው ብቻ ውኃ ያንጠባጥባል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።