ዋናውን አትንኩት

ሁለት ሥራ ይዛችሁ እንቅልፋችሁን አውቶቡስ ውስጥ ለምትጨርሱ ወንድም እህቶቼ፣ ስለ አንዲት አሜሪካዊት የኦፔራ ዘፋኝ ላውራችሁ።

ሊዮንቲን ፕራይስ ትባላለች። በ1927 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ሎረል በምትባል ከተማ ተወለደች። እናቷ አዋላጅ፣ አባቷ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ነበሩ። ስሟን ካገነኑት ሚናዎች አንዱ በጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቨርዲ ኦፔራ ውስጥ ያለችው አይዳ ናት። አይዳ ደግሞ ግብፅ ውስጥ በምርኮ የምትኖር የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

ጁሊያርድ የሚባለው የኒውዮርክ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ስትማር መምህሯ ፍሎረንስ ኪምቦል አንድ ነገር አስያዘቻት፦ በወለዱ ዝፈኚ፣ ዋናውን አትንኪ። ድምፅሽ ባንክ እንዳለ ብር ነው ማለቷ ነው። ያለውን ሁሉ በአንድ ምሽት ያወጣ ጉሮሮ ለነገ አይተርፈውም።

ይህን እያወቀችም ተፈተነች። ጃንዋሪ 27 ቀን 1961 ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ ጭብጨባው 42 ደቂቃ ያህል ቆየ። በዚያው የመጀመሪያ ወቅት አምስት ሚና ተጫወተች። መኸር ላይ ግን አንድ የፑቺኒ ኦፔራ መሀል ድምፅዋ ጠፋ፤ ገቢሩን በንግግር ጨረሰችው፣ ቀሪውን ሌላ ዘፋኝ ተተክታ ዘፈነች። ያ ዓመት ሲያልቅ ሮም ሄዳ አረፈች። ዝና በጦፈበት ሰዓት ማረፍ ቀላል አይደለም።

እኔ አላረፍኩም። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ቅዳሜና እሁድ ታክሲ፤ ሰባት ዓመት። አገር ቤት ቤት እያሠራሁ ስለነበር "ሲሚንቶ ጨመረ" የሚል ስልክ በመጣ ቁጥር አንድ ሺፍት እጨምራለሁ። ወገቤ ሲሄድ ቤቱ ገና ጣሪያ አልለበሰም ነበር። ዛሬ አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ ያቅተኛል።

እለምናችኋለሁ፣ በሳምንት አንዷን ቀን ማንም አይንካባችሁ። አለቃ "ደብል ትሠራለህ?" ሲል ወዲያው እሺ አትበሉ፣ እደሩበት። የምትልኩትን ለቤተሰብ አንዴ ቁርጡን ንገሩ። የልጇን ሕመም ያወቀች እናት ሲሚንቶው ይቅርብኝ ነው የምትለው። ኢንሹራንስ እየከፈላችሁ ሐኪም ዘንድ የምትሄዱት ስትወድቁ ብቻ አይሁን።

ፕራይስ ከሜትሮፖሊታን መድረክ የተሰናበተችው ጃንዋሪ 3 ቀን 1985፣ በ57 ዓመቷ፣ አይዳን ተጫውታ ነው። በቴሌቪዥን ተላልፏልና ፈልጋችሁ እዩት። አባይ ዳር ሆና "አገሬ ሆይ፣ ከእንግዲህ አላይሽም" የምትለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ሙሉ ነው። አዳራሹ ለደቂቃዎች ሲያጨበጭብ እሷ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ትጠብቃለች።