ሹል ስብርባሪ የሞላበት ድንጋይ፦ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ውስጡ በሹል ስብርባሪ የተሞላ ድንጋይ አየሁ። እንዴት ተፈጠረ?

ብሬቻ ይባላል። መጀመሪያ አለት መሰበር አለበት። ገደል ተንዶ ሊሆን ይችላል፣ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ የዋሻ ጣሪያ ተደርምሶ፣ ወይም ደግሞ የምድር ቅርፊት በስንጥቅ ላይ ሲንሸራተት መሃል ያለውን አለት አድቅቆት። ከዚያ አሸዋና ጭቃ ክፍተቱን ይሞላል፤ ውሃም ሰርጎ ይገባና አሟሙቶ ያመጣውን ካልሳይት ወይም ሲሊካ የተባለ ማዕድን እዚያው እያስቀረ ስብርባሪውን አንድ ላይ ያጣብቀዋል። ይሄ ጊዜ ይፈልጋል። የእሳተ ገሞራው ብሬቻ ግን አንዳንዴ ውሃም አይጠብቅም፤ ላቫው ራሱ ሲረጋ ስብርባሪውን ይዞ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከኮንግሎሜሬት በምን ይለያል?

በጠርዙ! በሁለቱም ውስጥ ከ2 ሚሊሜትር የሚበልጡ ቁርጥራጮች አሉ። ወንዝ የወሰደው ድንጋይ ግን እየተጋጨና እየተፋተገ ይሞረዳል፣ ይድቦለቦላል፤ ያ ነው ኮንግሎሜሬት የሚሆነው። ጠርዙ እንደሰላ ከቀረ ከተሰበረበት ብዙም አልራቀም ማለት ነው። ስለዚህ ቀለሙን ተዉትና መጀመሪያ ጠርዙን እዩ። የበረዶ ግግር ተሸክሞት የሄደ ድንጋይ ግን ሹልነቱን ሳያጣ ሩቅ ሊደርስ ስለሚችል አካባቢውንም ማየት አይቀርም።

ጥያቄ፦ የተሰበረው በናዳ ይሁን በስንጥቅ እንዴት አውቃለሁ?

የስንጥቁ ብሬቻ ስንጥቁን ተከትሎ እንደ ጠባብ ቀበቶ ይዘረጋል፤ ስብርባሪውም ግራና ቀኝ ካለው አለት የመጣ ነው። የናዳው ገደል ሥር ተከምሮ የቀረ ነው፣ ትልቁም ትንሹም ተደባልቆ። ጎን ለጎን ያሉት ቁርጥራጮች መልሰው የሚገጣጠሙ ከሆነ ደግሞ ከጥልቀት በግፊት የወጣ ፍል ውሃ ሰብሮት ሊሆን ይችላል። ፍል ውሃው አንዳንዴ መዳብና ወርቅም በክፍተቱ ውስጥ ይተዋል።

ጥያቄ፦ ጨረቃ ላይስ አለ?

ሞልቷል! ወንዝ በሌለበት፣ ከሰማይ የሚወርዱ አለቶች ገጽታዋን እየመቱ ይሰባብሩታል፣ በምቱ የቀለጠው ደግሞ ያጣብቀዋል። በ1972 እ.ኤ.አ. አፖሎ 16 የተባለው የጨረቃ ጉዞ ያመጣው 11.7 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ፣ ከአፖሎ ናሙናዎች ሁሉ ትልቁ፣ ብሬቻ ነው። ምድር ላይም እንዲህ ያለ አለ። ጀርመን ውስጥ ሪስ የሚባለው ጉድጓድ ለረጅም ጊዜ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው ሲባል ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሥነ ምድር ተመራማሪዎቹ እነ ዩጂን ሹሜከር በብሬቻው ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ብቻ የሚፈጠረውን ኮሳይት የተባለ ማዕድን ሲያገኙ፣ ከሰማይ የወረደ አለት የቆፈረው መሆኑ ታወቀ። የአፖሎ 14 ጠፈርተኞች በ1970 እዚያ ሄደው የሠለጠኑትም የጨረቃን ድንጋይ ሲያዩ እንዲለዩት ነው።