«ለምለሙ ጣና» ማለት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። በአንድ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ላይ የጣና ዳርቻ እስከ ሩቅ ድረስ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሐምራዊ አበባ ፈክቶበት አየሁ። ከሥሩ «ለምለሙ ጣና» የሚል ጽሑፍ አለ፤ አረንጓዴው ግን እምቦጭ ነው። አገላለጹ ትክክል ነውን? ካልሆነስ ዓይን የሚስበውን ነገር ምን እንበለው?

መልስ፦ ሐረጉ በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም፤ ስሕተቱ ያለው ከፍቺው ላይ ነው። «አረንጓዴ» የቀለም ስም ስለሆነ ለሣርም፣ ለጨርቅም፣ ለአረምም እኩል ይነገራል። «ለምለም» ግን ከቀለሙ አልፎ የውሃውን መትረፍረፍ፣ የመሬቱን ለምነትና ከዚያ የሚገኘውን በረከት ጭምር ይናገራል። በበዓል ቀን የሚጎዘጎዘውን ቄጠማ «ለምለም» እንለዋለን፤ ከምጣድ ገና የወጣው ለስላሳ እንጀራ አረንጓዴ ሳይሆን «ለምለም እንጀራ» መባሉም ቃሉ ከቀለም ይልቅ ትኩስነትንና ደኅንነትን እንደሚያመለክት ያሳያል። ገበሬ ማሳው በአረም ቢሸፈን፣ አረሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ «አረም ዋጠው» ወይም «ዳዋ ለበሰ» ይላል እንጂ «ማሳዬ ለመለመ» አይልም።

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተንሳፋፊ አረም ሲሆን፣ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ነው። ውሃውን ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፤ ዓሣውን አየር ያሳጣል፤ የመረቡንና የታንኳውን መንገድ ይዘጋል። ይህን እያወቁ «ለምለም» ብሎ መጻፍ የዓሣ አጥማጁን ችግር ከሥዕሉ ፍቆ እንደ ማውጣት ስለሚቆጠር አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

አበባውን ማድነቅ ግን ነውር የለበትም። «ያምራል» የሚለው ግስ ለዓይን የታየውን ብቻ ስለሚናገር፣ አረም ላይ የበቀለ አበባም ያምራል፤ «ፈክቷል» ማለትም እውነት ነው። «ደስ ይላል» የተመልካቹን ስሜት ይገልጣል፤ በክረምት ሞልቶ ለሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ደግሞ፣ ውበቱ ከፍርሃት ጋር ስለሚመጣ፣ «ግርማ አለው» ከሁሉም ይስማማዋል። «ቆንጆ ሐይቅ» የሚለው ዛሬ በብዙዎች አፍ ይሰማል፤ ቁንጅና በዋናነት ለሰው መልክ የሚነገር በመሆኑ ግን በጥንቃቄ በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ «ውብ ሐይቅ» የሚለውን እመርጣለሁ።

ለፎቶግራፉ የሚስማማው «እምቦጭ የወረረው ጣና» ነው። «ለምለም» የሚለውን ቃል ደግሞ ቡና ከጥላው ሥር ለሚበቅልበት ለዘጌ ደን፣ ታንኳ ለሚሠራበት ለደንገሉም ብንጠቀምበት፣ ከባሕር ዳር ወጥቶ የሚያይ ሁሉ ትክክል ነው ይለናል።