መልስ፦ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል የስኳር መለኪያ ስለመገምገም

ሰላም ለእርስዎ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በአልጋ አጠገብ የሚሠራ የደም ስኳር መለኪያ ከመገዛቱ በፊት እንዴት ይገመገም ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ እምነት መሣሪያው መፈተን ያለበት በጤነኛ ሰው ሳይሆን በክፍሉ ታካሚዎች ደም ነው። ከደም ወሳጅ ቧንቧ በተቀዳ ደም ለክተው የቀረውን ናሙና ወዲያውኑ ወደ ላቦራቶሪ ይላኩ፤ ከዘገየ የደም ሴሎች ስኳሩን ስለሚጠቀሙበት የማነጻጸሪያው ቁጥር ራሱ ዝቅ ይላል። ደም ማነስ ያለባቸውን በተለይ ያካትቱ፤ ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ ያለው የቀይ ሴሎች ድርሻ) ሲወርድ ብዙ መለኪያዎች ስኳሩን ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ስለሚያሳዩ፣ ኢንሱሊን በደም ሥር እየወሰደ ባለ ታካሚ ላይ አደገኛ የስኳር መውረድ ሊደበቅ ይችላል። የደም ግፊቱ ወርዶ እጁ በቀዘቀዘ ታካሚ ላይ የጣት ጠብታ አይታመንም። የዓለም አቀፉ ደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) 15197 የተባለው የስኳር መለኪያዎች መስፈርት የወጣው ራሳቸውን በቤት ለሚለኩ ሰዎች በመሆኑ፣ በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም ጀምሮ የሚፈቅደው የ15 በመቶ ልዩነት ለእናንተ ክፍል ልል ነው።