ስለ «አሞር ኤተርኖ» («ዘላለማዊ ፍቅር») ዘፈን እና ስለ ደራሲው፣ ሜክሲኳዊው ዘፋኝ ሁዋን ጋብሪየል ጠይቁኝ

ጋሼ ማሪያቺ፦ ኢንቦክሴን ስላጨናነቃችሁት ዛሬ እዚሁ እንጨርሰው። ክሊፕ ስር የተጻፈ ኮሜንት ታሪክ አይደለም፣ ይዛችሁብኝ እንዳትመጡ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ሊሊ፦ ጋሼ ሰርጌ ላይ ለባሌ ልዘፍንለት እየተለማመድኩ ነው፣ ምንድነው የሚለው?

ጋሼ ማሪያቺ፦ ኧረ በናትሽ ተይው! የለቅሶ ዘፈን እኮ ነው። የሁዋን ጋብሪየል እናት ቪክቶሪያ በ1974 ሞተችበት፣ ለሷ ነው። ምነው በኖርሽ፣ ምነው ዓይኖችሽ ባልተከደኑ ይላታል፣ ስለ ባሕር ዳር ከተማዋ አካፑልኮ ከትዝታ ሁሉ ያዘነውን ያነሳል፣ ቆየም ፈጠነም አንቺው ጋ መምጣቴ አይቀርም ብሎ ይጨርሳል። ሜክሲኮ ውስጥ ቀብር ላይና ሜይ 10 የእናቶች ቀን ላይ የሚዘፈነው ለዚህ ነው።

አቡሽ፦ ስለ ዘፋኙ ንገረን

ጋሼ ማሪያቺ፦ ስለ ምኑ? ጥያቄ ጠይቅ ወንድሜ።

አቡሽ፦ እሺ፣ እስር ቤት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ጋሼ ማሪያቺ፦ እውነት ነው። ሰርቀሃል ተብሎ ሜክሲኮ ሲቲ ሌኩምቤሪ እስር ቤት አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ታስሯል፣ ንጹህ ነኝ እንዳለ። ላ ፕሪዬታ ሊንዳ የምትባል ዘፋኝ ናት እንዲፈታ የረዳችው፣ ከዛ በ1971 «ኖ ቴንጎ ዲኔሮ» የሚለው ዘፈኑ ወጣና ያው ታወቀ።

ቲጂ፦ ሁዋን ጋብሪየል እናቱ ያወጣችለት ስም ነው?

ጋሼ ማሪያቺ፦ አይደለም፣ አልቤርቶ አጊሌራ ነው። «ሁዋን» ሁዋሬዝ ከተማ ማሳደጊያ ውስጥ ላስተማረው ለሁዋን ኮንትሬራስ፣ «ጋብሪየል» ለአባቱ።

ዳኒ፦ ዘፋኟ ሮሲዮ ዱርካል የዘፈነችው ይበልጣል! ሜክሲኳዊት ስለሆነች ስሜቱ ገብቷታል

ሚኪ፦ ዳኒ ማድሪድ ነው የተወለደችው እኮ 😂

ዳኒ፦ ታዲያ ራንቼራን፣ የሜክሲኮን ባህላዊ ዘፈን፣ እንዴት እንደዛ ትዘፍናለች?

ሚኪ፦ ጆሮ አላት፣ ፓስፖርት አይዘፍንም

ዳኒ፦ አንተ ደሞ ሁልጊዜ ለመቃወም ነው

ጋሼ ማሪያቺ፦ ሁለታችሁም አቁሙ። ስፔናዊት ናት፣ በ2006 አርፋለች፣ ዘፈኑን በ1984 አስቀድማ የቀዳችው እሷ ናት፣ በጣምም ቆንጆ ነው። ግን እኔን ከጠየቃችሁኝ የሁዋን ጋብሪየልን የ1990 የቤያስ አርቴስ ኮንሰርት ያላየ ሰው ዘፈኑን ሰማሁ አይበል። ቤያስ አርቴስ ማለት ሜክሲኮ ሲቲ ያለው የእብነበረድ ሕንፃ ነው፣ የኦፔራ ቤት፣ እና ተራ የሕዝብ ዘፋኝ እንዴት እዛ ይቆማል ብለው የተማርን ነን ባዮቹ ጮሁበት፣ እሱ ግን ብሔራዊ ሲምፎኒውን ከኋላው አሰልፎ ማሪያቺውን፣ የሜክሲኮን ባህላዊ ባንድ፣ ጨምሮ ገባ። ቫዮሊኑ ከስር ቀስ ብሎ ሲነሳ እሱ አይጮህም፣ ድምፁን ይጎትታል፣ ቃሉን ከምቱ ትንሽ ያዘገየዋል፣ ልክ መናገር እንዳቃተው ሰው፣ ከዛ አዳራሹ ተቀብሎት ይዘፍናል። ስቱዲዮ ውስጥ ይሄ አይገኝም!

ሄኖክ፦ ለፍቅረኛው ነው የጻፈው አይደል? ኮሜንት ላይ አይቼ ነው

ጋሼ ማሪያቺ፦ ምን ብዬ ጀመርኩ? ኮሜንት ታሪክ አይደለም! ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ቲጂ፦ በ80ዎቹ መጨረሻ ለምን አዲስ አልበም የለውም?

ጋሼ ማሪያቺ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! ከሪከርድ ካምፓኒው ጋር በዘፈኖቹ ባለቤትነት ተጣልቶ ነው። ከ1986 እስከ 1994 አዲስ የስቱዲዮ አልበም አልሰጣቸውም። በዛ ዕድሜ፣ ስሙ ጫፍ ላይ ሆኖ! ሌላው ቢሆን ፈርሞ ይገላገል ነበር፣ እሱ ግን መድረክ ላይ እየሠራ ጠበቃቸውና መብቱን አስከብሮ ተመለሰ። በ2016 አሜሪካ ሳንታ ሞኒካ እስኪሞትም ኮንሰርት መሥራቱን አላቆመም።

ሊሊ፦ እሺ ለሰርጌ የትኛውን ልዝፈን?

ጋሼ ማሪያቺ፦ የሰርግ ዘፈን አላውቅም፣ ሚኪን ጠይቂው።