«ባህላዊ ዕንቁ» የሚባል ነገር አለ?

ጥያቄ፦ ያገለገሉ ጌጣጌጦች ከምትሸጥ ሴት የድሮ የዕንቁ ሐብል በርካሽ ገዛሁ። ወረቀቱ ላይ በአማርኛ «ባህላዊ ዕንቁ» ተብሎ ተጽፏል። የአገራችን ሥራ ነው ማለት ነው? ደግሞስ ዕንቁ «ይለበሳል» ይባላል?

መልስ፦ በደስታ ያድርጉት! «ባህላዊ» የሚለው ግን የትርጉም ስህተት ነው የሚመስለኝ። እንግሊዝኛው «ከልቸርድ» ይላል። ተርጓሚው ባህል መስሎት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ቃሉ ማርባትን ነው የሚያሳየው። ሰው ዛጎሉን ከፈት አድርጎ ትንሽ ባዕድ ነገር ያስገባል። በውስጡ ያለው እንስሳ ያንን በስስ ሽፋን እየደራረበ ዕንቁ ያደርገዋል። ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ በ1893 እ.ኤ.አ. ግማሽ ክብ ዕንቁ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ በርካሽ የምናገኘው ዕንቁ በአብዛኛው በቻይና ሐይቆችና ኩሬዎች የሚረባ ነው። የዶሮ እርባታ፣ የዓሣ እርባታ እንላለን፤ «የእርባታ ዕንቁ» ብንል ማንም ይገባዋል።

«ሰው ሠራሽ» ግን ሌላ ነው። እሱ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ነው። ቀስ አድርገው በጥርስዎ ጫፍ ይሹት፤ እውነተኛው ሻከር ይላል፣ ሰው ሠራሹ ይንሸራተታል።

«ዕንቁ» ራሱ ሰፊ ቃል ነው። በግእዝ ማንኛውም የከበረ ድንጋይ ዕንቍ ነው። ከዛጎል የሚወጣውን ለመለየት «ባሕርይ» ወይም «ዕንቈ ባሕርይ» ይባል ነበር። «ሉል»ም ነበረ። ሉሊት የሚለው የሴት ስም ከዚሁ ነው። ዛሬ ሉል ሲባል ክብ ነገር፣ በተለይም የመሬት ሉል ነው የሚታሰበን። እኔ ግን ቃሉ ወደ ጌጡ ቢመለስ በጣም ደስ ይለኛል። አጭር ነው፣ ያምራል፣ ከአልማዝም አያምታታም።

ወደ «መልበስ» ልምጣ። አማርኛ ለየጌጡ ግሥ አለው። ልብስ ይለበሳል፣ ባርኔጣ ይደፋል፣ ሻሽ ይታሰራል፣ ጉትቻ ይንጠለጠላል፣ ቀለበት ይጠለቃል። ሐብልም ይደረጋል ወይም ይጠለቃል። «ዕንቁ ለብሳ መጣች» ሲባል ጆሮዬን ይቆረቁረኛል።

በአያያዙም ግሥ መምረጥ ይጠቅማል። ዕንቁ አይዘፈዘፍም፣ አይፈተግም፤ በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። የተሠራው እንደ እንቁላል ቅርፊት ከካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ሎሚና ኮምጣጤ ይበሉታል፤ ሽቶና ላብም ወዙን ያጠፉበታል። ስለዚህ ሽቶዎን ይቀቡና ደረቅ ሲል ሐብሉን ያጥልቁ። ማታ አውልቀው ወልወል ያድርጉት። ከወርቅ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አይጨምሩት፣ ይጫጫራል። የድሮ ስለሆነ ክሩንም ይዩት። ከላላ ወይም ከጠቆረ እንደገና ይሰካልዎት፤ ሲሰካም በየዕንቁው መሀል ቋጠሮ ይደረግ። ክሩ ቢበጠስ እንኳ የሚወድቀው ቢበዛ አንድ ፍሬ ነው።