ጥያቄና መልስ፦ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን ከሐረርና ከድሬ የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ፉል ፍሬም (ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር ትልቅ የሆነ ካሜራ) ሌንስ ናቸው። ዛሬ አራቱን እመልሳለሁ።

ከክሮፕ (ሴንሰሩ አነስ ካለ) ወደ ፉል ፍሬም ካሜራ ልቀይር ነው። የድሮ ሌንሶቼን ልሽጣቸው? (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

ለክሮፕ ብቻ የተሠሩትን ይሽጧቸው። 36 በ24 ሚሊሜትር የሆነውን የፉል ፍሬም ሴንሰር ስለማይሸፍኑ የፎቶው ጥግ ይጠቁራል። የሶኒና የኒኮን ሚረርለሶች (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች) ጥቁሩን ራሳቸው ይቆርጡታል፤ ግን 24 ሜጋፒክስል የነበረው ወደ 10 ገደማ ይወርዳል። ያን ሁሉ ብር አውጥቶ ግማሹን እንኳ አለመጠቀም ያንገበግባል። ለፉል ፍሬም የተሠራ ሌንስ ካለዎት ግን እንዳይነኩት።

ጀጎል ውስጥ መንገድና ቤት አነሳለሁ። ያለኝ 50 ሚሊሜትር ነው፤ ሁሌ ይጠበኛል። 24 ይሻላል 16? (ሐረር)

24 ይግዙ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያሳያል። ጀጎል ውስጥ ሌንስ የሚመረጠው ወደ ኋላ መሄድ በሚቻለው ልክ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁለት እርምጃ ካፈገፈጉ ጀርባዎ ግንብ ይነካል። የሐረሪ ቤት ውስጥ ገብተው ስፌትና ሳህን ከተደረደረበት ግድግዳ 3 ሜትር ርቀው ቆሙ እንበል። በ50 የሚይዙት 2 ሜትር ከምናምን ስፋት ብቻ ነው። በ24 አራት ሜትር ተኩል ያገኛሉ፤ ነደባው (መቀመጫ መደቡ) ላይ የተቀመጡትም ይገባሉ።

16 ቤቱን በሙሉ ያስገባል፤ ዳር ላይ የተቀመጡትን እናት ግን ፊታቸውን ይለጥጠዋል። እኔ ደግሞ ከግድግዳው በላይ የሰው ፊት ያሳስበኛል። በ24ም ቢሆን ሰው ወደ መሀል ይምጣ። ካሜራውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አያዘንብሉት። ቀጥ ብሎ ከተያዘ የተሰቀሉት ሳህኖች ክብነታቸውን አይለቁም፤ ካዘነበለ ግን ግድግዳው ይወድቃል፣ ሳህኑም ይሞላላል።

መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹን ማንሳት ከፈለጉ 35 ይመቻል። ከመግዛትዎ በፊት ስልክዎን ይዘው አንድ ቀን ይዙሩ። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ ከ24 እስከ 26 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያሳይ፣ 24 ይበቃዎት እንደሆነ በነፃ ያውቁታል።

ማታ ጅብ ሲመገብ ለማንሳት 70-200 ኤፍ 2.8 የግድ ነው? (ሐረር)

በፍጹም። 70-200 ሩቁን ማቅረቢያ ነው፤ ጅቡ እኮ አጠገብዎ ነው የሚመጣው! 35 ወይም 50 ኤፍ 1.8 ይበቃል። ኤፍ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ይነግራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 2.8 ከእጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል፤ በዚያ ጨለማ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ፍጥነት) ከ1/250 ሰከንድ በታች አያዝግሙት፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ያለ ፍርሃት ይጨምሩ።

ያገለገለ 24-70 ኤፍ 2.8 አግኝቻለሁ። ምኑን ልይ? (ድሬዳዋ)

የስልክዎን መብራት ከኋላ በኩል ያብሩበትና ከፊት ሆነው አጋድመው ይመልከቱ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ካዩ ግን ፈንገስ ነው፤ ዋጋው ቢረክስም እንዳይሸወዱ። እንደ ጉም የተጋረደ ነገርም ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ፎቶውን ያደበዝዛል።

ከዚያ ዙሙን ከ24 እስከ 70 ቀስ ብለው ያዙሩት። የድሬን አሸዋ ታውቁታላችሁ፤ ኪርኪር ካለ ውስጡ ገብቷል ማለት ነው። የአፐርቸሩ (የብርሃን ቀዳዳው) ምላጮች ላይ ዘይት መኖሩንም ይዩ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የከረመ ሌንስ ቅባቱ ቀጥኖ ወደዚያ ሊፈስ ይችላል።

የዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ሌንስ ከሆነ በአዳፕተር (ማገናኛ ቀለበት) ሚረርለስ ላይ ይሠራል፤ የሚረርለስ ሌንስ ግን ዲኤስኤልአር ላይ አይሆንም። በስተመጨረሻ ካሜራዎ ላይ ገጥመው የጡብ ግድግዳ በኤፍ 2.8 ፊት ለፊት ያንሱ። ፎቶውን አሳድገው አራቱን ጥግ ያወዳድሩ። አንዱ ጥግ ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ያውቃል ብለው ይጠርጥሩ። ሻጩ ገጥሞ መሞከርን ከከለከለዎት ደግሞ ይተውት፤ ሌላ ይገኛል።